የገጠር ትምህርት ቤት የኮምፒውተርና የኢንተርኔት ክፍል፦ ገንዘቡን ማሰባሰብ፣ ማቋቋምና በሥራ ማቆየት

በሩ ተቆልፎ አቧራ የለበሰ የኮምፒውተር ክፍል በገጠር ብርቅ አይደለም። ሲመረቅ ሪባን ተቆርጦለታል፣ ፎቶ ተነስቶለታል። ከሁለት ዓመት በኋላ ባትሪው ሞተ፣ የኢንተርኔቱን ሒሳብ የሚከፍል ጠፋ፣ ክፍሉም የተሰባበረ ወንበር ማከማቻ ሆነ። አብዛኛውን ጊዜ ምክንያቱ አንድ ነው፤ ገንዘብ የተጠየቀው ለግዢ ብቻ ነበር። ይህ መመሪያ በተቃራኒው ይሄዳል። ክፍሉ በሦስተኛ ዓመቱ በወር ስንት ብር እንደሚፈልግ ሳይታወቅ ከማንም አንድ ብር መለመን የለበትም።

የተጻፈው ለርእሳነ መምህራን፣ ለወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት አባላት፣ ለቀድሞ ተማሪዎች ማኅበራትና ውጭ ሀገር ሆነው ለትውልድ ቀያቸው ገንዘብ ለሚያሰባስቡ ነው። ጉዳዩ የቅንጦት አይደለም። በ2016 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ለአንዳንድ ተማሪዎች በኮምፒውተር መሰጠት ጀምሯል። ማውስ ጨብጣ የማታውቅ ልጅ ቤቷ ኮምፒውተር ካለው የከተማ ልጅ ጋር እኩል ሰዓት ተሰጥቷት ስትፈተን፣ የምትፈተነው ፊዚክስ ብቻ አይደለም።

እንደ ናሙና የወሰድነው 12 ላፕቶፕ ያለው፣ አስተማማኝ መብራት የሌለበት የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ክፍል ነው። ቁጥሩን እንደ አቅማችሁ ከፍ ዝቅ አድርጉት፤ የስሌቱ መንገድ አይለወጥም።

1ኛ ደረጃ፦ ከመጠየቃችሁ በፊት ለኩ

ከኔትወርኩ ጀምሩ። አንድ የኢትዮ ቴሌኮም፣ አካባቢው ላይ ካለ ደግሞ አንድ የሳፋሪኮም ሲም ያለበት ስልክ ይዛችሁ ክፍሉ ውስጥ፣ ደጁ ላይና ጣሪያው አጠገብ ለኩ። ጠዋት 2 ሰዓት፣ ቀን 7 ሰዓትና ማታ 1 ሰዓት ላይ፣ ቢያንስ ለሦስት ቀን መዝግቡ፤ ከሦስቱ ቀን አንዱ የገበያ ቀን ይሁን። የሲግናሉ ጉልበት በስልኩ ቅንብር ውስጥ፣ የሲም ሁኔታ በሚለው ሥር በዲቢኤም ተጽፎ ይገኛል። ቁጥሩ ኔጌቲቭ ስለሆነ ወደ ዜሮ በቀረበ መጠን ይሻላል። ለ4ጂ ከ-95 የተሻለ ከሆነ ተራ ራውተር ይበቃል። ከ-110 የባሰ ከሆነ ውጭ የሚሰቀልና ወደ ማማው የሚዞር አንቴና ያስፈልጋል።

እዚህ ላይ ብዙ ገንዘብ የሚባክንበት ስህተት አለ። ሲግናሉ ጠንካራ ሆኖ ማታ ማታ ብቻ የሚጎተት ከሆነ ችግሩ ማማው ላይ የተጫነው ሰው ብዛት ነው። ያንን አንቴና አይፈታውም፤ የሚፈታው ከባዱን ሥራ፣ ለምሳሌ ፋይል ማውረድን፣ ወደ ሌሊት ማዛወር ነው።

ቀጥሎ መብራት። መስመር የገባበት ቦታ ከሆነ የጠፋበትንና የመጣበትን ሰዓት ለሁለት ሳምንት መዝግቡ። መብራቱ በቀን ስድስት ሰባት ሰዓት በርቶ ከቆየ ባትሪና ከመስመር የሚሞላ ኢንቨርተር (የባትሪን ኃይል እንደ መስመር መብራት አድርጎ የሚሰጥ መሣሪያ) ብቻ ሊበቃችሁ ይችላል፤ የሶላር ፓኔሉ፣ የብረት ማቆሚያውና የኮንትሮለሩ (ከፓኔል ወደ ባትሪ የሚገባውን ኃይል የሚቆጣጠረው) ወጪ ይቀራል። ይህን መዝገብ ለጋሽ ፊት ስታቀርቡ "መብራት የለንም" ከማለት የበለጠ ይታመናል።

በመጨረሻ ሰው። 12 ላፕቶፕ ላይ ሁለት ሁለት ተማሪ ሲቀመጥ 24 ይሆናሉ። 60 ተማሪ ያለበት ክፍል በሦስት ፈረቃ ይገባል ማለት ነው። የመርሐ ግብሩን ሠንጠረዥ አሁኑኑ ሥሩት፤ የስንት ሰዓት ኃይል እንደምትፈልጉ የሚነግራችሁ እሱ ነው።

2ኛ ደረጃ፦ ኢንተርኔቱ ትንሽ፣ ላይብረሪው ትልቅ ይሁን

ሁሉንም ነገር ከኢንተርኔት ለማምጣት መሞከር በወር ወጪ ያንቃል። አንድ ተማሪ ድረ ገጽ ሲያነብ በሰዓት 80 ሜጋባይት ገደማ ይወስዳል ብለን ብንይዝ፣ 12 ላፕቶፕ ኢንተርኔት ላይ በቀን ለሁለት ሰዓት፣ በወር ለ22 ቀን ሲሠሩ 42 ጊጋባይት ይደርሳል። ይህ ቪዲዮ ሳይጨመር ነው። መካከለኛ ጥራት ያለው ቪዲዮ ብቻውን በሰዓት ግማሽ ጊጋባይት ይበላል።

መፍትሔው ክፍሉ ውስጥ የሚቀመጥ ትንሽ ሰርቨር፣ ማለትም ፋይል ይዞ በዋይፋይ ለላፕቶፖቹ የሚያድል ኮምፒውተር ነው። አሮጌ ሚኒ ኮምፒውተር ወይም ራስፕቤሪ ፓይ (መዳፍ የምታክል ኮምፒውተር) ላይ 512 ጊጋባይት ኤስኤስዲ (የፋይል ማከማቻ) ተገጥሞለት ሦስት ነገር ይጫንበታል። አንደኛው ኪዊክስ ነው፤ የአማርኛውንም የእንግሊዝኛውንም ዊኪፔዲያ ያለ ኢንተርኔት ያስነብባል። የአማርኛው ጥቂት ቦታ ብቻ ይይዛል፤ የእንግሊዝኛው ከነሥዕሉ ወደ 100 ጊጋባይት ይጠጋል። ሁለተኛው ኮሊብሪ ነው፤ የሒሳብና የሳይንስ ትምህርቶችን ከነመልመጃቸው ይይዛል፣ መምህሩም ማን የት እንደደረሰ ያይበታል። ሁለቱም ነፃ ናቸው። ሦስተኛው በፒዲኤፍ የተዘጋጁት የመማሪያ መጻሕፍትና ያለፉት ዓመታት ፈተናዎች ናቸው። ተማሪው የሚያዘወትረው ይህንኑ ስለሚሆን በደንብ በየክፍሉና በየትምህርቱ ለዩት።

ፋይሎቹን ከተማ ላይ፣ ፈጣን መስመር ያለበት ቦታ አውርዳችሁ በሃርድ ዲስክ ይዛችሁ ሂዱ። በ4ጂ ፓኬጅ 100 ጊጋባይት ለማውረድ አትሞክሩ። ሰርቨሩን ደግሞ በኤስዲ ካርድ አታስነሱት፤ ኃይል በድንገት በተቋረጠ ቁጥር ካርዱ ላይ ያለው ፋይል ሊበላሽ ይችላል። ኤስኤስዲ ዋጋው ትንሽ ከፍ ይላል እንጂ ከዚህ ራስ ምታት ይገላግላል።

ይህ ከተደረገ የወር የኢንተርኔት ፍላጎት ወደ 10 ወይም 15 ጊጋባይት ይወርዳል፤ ያም ለኢሜይል፣ ለምዝገባ፣ ለዩኒቨርሲቲ መረጃና ሰርቨሩ ላይ ለሌለ ነገር ይውላል። ፓኬጁን ሳይታይ የሚጨርሰው ሌባ የዊንዶውስ አፕዴት ነው፤ 12 ላፕቶፕ እያንዳንዱ ግማሽ ጊጋባይት ሲያወርድ 6 ጊጋባይት አለቀ። እያንዳንዱ ላፕቶፕ ላይ ዋይፋዩን "በሒሳብ የሚለካ መስመር" (Metered connection) በሚለው ምርጫ አስተካክሉት። የመምህራን ስልክ ደግሞ በሌላ ስም በተከፈተ ዋይፋይ፣ በገደብ ይግባ።

3ኛ ደረጃ፦ የኃይል ስሌት

የቀን ፍጆታ በዋት ሰዓት ይሰላል፤ ዋቱን በሰዓት ማባዛት ነው።

- 12 ላፕቶፕ × 25 ዋት × 5 ሰዓት = 1,500
- ሰርቨርና ዋይፋይ፣ 15 ዋት × 8 ሰዓት = 120
- የ4ጂ ራውተር፣ 10 ዋት × 8 ሰዓት = 80
- 4 ኤልኢዲ አምፖል × 9 ዋት × 3 ሰዓት = 108

ድምሩ 1,808 ነው። በኢንቨርተር፣ በሽቦና በባትሪ የሚጠፋውን ሩብ ያህል ጨምሩበት፤ 2,260 ዋት ሰዓት ይሆናል።

ፓኔሉን በበጋ ሳይሆን በክረምት ፀሐይ አስሉ። በደጋው ክረምት በቀን 4 ሙሉ የፀሐይ ሰዓት (ፓኔሉ በሙሉ ጉልበቱ እንደሠራ የሚቆጠርበት ሰዓት) መያዝ ደኅና ነው። 2,260 ለ4 ሲካፈል 565 ዋት ይመጣል፤ ለአቧራና ለሙቀት ተጨምሮበት 700 ዋት፣ ማለትም ሁለት ባለ 350 ዋት ፓኔል። ፊታቸውን ወደ ደቡብ አዙሩ፤ ዝንባሌው ከ10 እስከ 15 ዲግሪ ይሁን። ከዚያ ካነሰ ዝናብ አቧራውን አያጥበውም።

ለባትሪ የአንድ ቀን ተኩል መጠባበቂያ ያዙ፤ 3,390 ዋት ሰዓት ነው። ሊቲየም ብረት ፎስፌት ከሆነ እስከ 80% ድረስ ስለሚጠቀሙበት 24 ቮልት 200 አምፔር ሰዓት ይበቃል። ሊድ አሲድ ከሆነ ከግማሽ በታች ማውረድ ስለማይገባ 24 ቮልት 300 አምፔር ሰዓት ያስፈልጋል። ሊድ አሲዱ ሲገዙት ይረክሳል፤ በእንዲህ ዓይነት ሥራ ግን ሦስት አራት ዓመት ነው የሚያገለግለው፤ ሊቲየሙ በአግባቡ ከተያዘ ስምንትና ከዚያ በላይ። ጨረታ ላይ "ዝቅተኛ ዋጋ ያቀረበ" በሚል ሊድ አሲድ አሸንፎ ሲገባ ትምህርት ቤቱ የከሰረው ያን ቀን ነው። በጨረታው ሰነድ ላይ ዋጋው በአገልግሎት ዓመት ተካፍሎ እንዲወዳደር ጻፉ።

ሲገጠም የሚበላሹ ነገሮች እነዚህ ናቸው።

ኮንትሮለር። ባለ 350 ዋት ፓኔል ሸክም ሳይኖርበት ወደ 47 ቮልት ይሰጣል፤ ሁለቱ በተከታታይ ሲያያዙ 94። ባለ 100 ቮልት ኮንትሮለር የሚችለው ይመስላል። ነገር ግን ፓኔል ሲቀዘቅዝ ቮልቱ ይጨምራል፤ እንደ ደብረ ብርሃንና ደባርቅ ባለ ደጋ፣ ውርጭ በጣለበት የኅዳር ጠዋት ፀሐይ ስትወጣ ከ100 ያልፍና ኮንትሮለሩን ያቃጥለዋል። ባለ 150 ቮልት ግዙ።

ኢንቨርተር። ብዙዎቹ ከፋብሪካ ሲመጡ ባትሪው እስከ 21 ቮልት እስኪወርድ ድረስ ያሠራሉ። ይህ ሊድ አሲድን በጥቂት ወራት ይገድለዋል። ለሊድ አሲድ 24፣ ለሊቲየም 25 ቮልት ገደማ ላይ እንዲቋረጥ አስተካክሉት፤ የማይስተካከል ከሆነ አትግዙት። ለዚህ ክፍል ባለ 1,000 ዋት ንጹሕ ሳይን ዌቭ ኢንቨርተር በቂ ነው። ከባትሪ ወደ ኢንቨርተር የሚሄደው ሽቦ 16 ሚሊ ሜትር ካሬ፣ ከሁለት ሜትር የማይረዝምና ባትሪው አጠገብ ፊውዝ ያለው ይሁን።

የስልክ ቻርጅ። 30 ስልክ በቀን 450 ዋት ሰዓት ይወስዳል፤ ከክፍሉ የዕለት ኃይል አንድ አምስተኛ ማለት ነው። "አንዴ ብቻ" እየተባለ የሚሰካ ስልክ ባትሪውን የሚጨርስ ዋነኛ ምክንያት ነው። ወይ ከልክሉት፣ ወይ ለብቻው ፓኔልና ባትሪ አድርጋችሁ በክፍያ ስጡት። በደቡብ አፍሪካ ምሥራቃዊ ኬፕ፣ ማንኮሲ በተባለ የገጠር ቀበሌ ነዋሪዎች በኅብረት ሥራ ማኅበር ያቋቋሙት የዜንዘሌኒ ኔትወርክ ገና ሲጀምር በሶላር ስልክ ቻርጅ እያደረገ ገቢ ያገኝ ነበር። ለብቻው ከተሰላ ገቢ ነው፤ ካልተሰላ ግን ባትሪውን ቀስ በቀስ መዝረፍ ነው።

መብረቅ። የደጋው ነጎድጓድ ራውተርና ኢንቨርተር ያቃጥላል። የፓኔሉን ብረትና የአንቴናውን ምሰሶ መሬት ውስጥ በተቀበረ የመዳብ ዘንግ አሰሩ፤ በክረምት ዝናብ ሊጥል ሲል የአንቴናውን ገመድ ከራውተሩ መንቀል ልማድ ይሁን።

4ኛ ደረጃ፦ የሦስት ዓመቱን ዋጋ አውጡ

ከዚህ በታች ያሉት የብር ቁጥሮች ስሌቱን ለማሳየት የገቡ ናቸው። በሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ የኤሌክትሮኒክስ ዋጋ ቶሎ ቶሎ ስለሚለዋወጥ ከሦስት ሻጭ በሰበሰባችሁት ፕሮፎርማ ተኳቸው።

ግዢ፦ 12 ላፕቶፕ 360,000፤ ባትሪ 200,000፤ ኢንቨርተርና ኮንትሮለር 90,000፤ ፓኔል 40,000፤ ሽቦ፣ ማቆሚያ፣ የመስኮት ብረትና ቁም ሳጥን 80,000፤ ሰርቨርና ራውተር 60,000። ድምር 830,000 ብር።

የወር ወጪ ደግሞ፦

- የላፕቶፕ መተኪያ፣ 360,000 በ4 ዓመት፦ በወር 7,500
- የባትሪ መተኪያ፣ 200,000 በ8 ዓመት፦ በወር 2,083
- የኢንቨርተርና ኮንትሮለር መተኪያ፣ 90,000 በ6 ዓመት፦ በወር 1,250
- የክፍሉ ተንከባካቢ አበል፦ 4,000
- ኢንተርኔት፦ 2,000
- ቻርጀር፣ ማውስ፣ ኪቦርድና ጥቃቅን ጥገና፦ 1,500

በወር 18,333፣ በዓመት 220,000 ገደማ። 900 ተማሪ ላለው ትምህርት ቤት በነፍስ ወከፍ በዓመት 244 ብር ነው። የሦስት ዓመቱ የማቆያ ወጪ 660,000 ሲሆን ከግዢው ጋር 1,490,000 ይመጣል። ለጋሽ ፊት የሚቀርበው ቁጥር ይህ ነው። 830,000 ብቻ የጠየቀ ሰው ክፍሉ የሚዘጋበትን ቀን አብሮ ወስኗል።

የመተኪያውን ገንዘብ ባንክ ውስጥ ብቻ ማስቀመጥ ግን አይመከርም፤ ብሩ ተቀምጦ የዕቃው ዋጋ ይወጣል። ከፊሉን ዕቃ አድርጉት። ሁለት ትርፍ ላፕቶፕ፣ አንድ ትርፍ ኮንትሮለር፣ አራት አምስት ቻርጀር ቀድሞ መግዛት ይጠቅማል። ባትሪ ግን ቀድማችሁ አትግዙ፤ መጋዘን ውስጥ ተቀምጦም ያረጃል።

5ኛ ደረጃ፦ ገንዘቡን ከወጪው ጋር አዛምዱ

ደንቡ ቀላል ነው። አንዴ የሚመጣ ገንዘብ ለግዢ፣ በየወሩ የሚመጣ ገንዘብ ለወር ወጪ። ሁለቱን መቀላቀል ነው ክፍሉን የሚገድለው።

*ትምህርት ቤቱና ቀበሌው።* ከውስጥ ገቢና ከትምህርት ቤት ድጎማ ኢንተርኔቱንና ጥቃቅን ጥገናውን መሸፈን ይቻላል፤ በናሙናችን 3,500 ብር ነው። የወላጆች መዋጮ በብር ብቻ አይታይ። ድንጋይ፣ አሸዋ፣ የጉልበት ሥራና ጥበቃ በብር ተተምኖ በፕሮጀክቱ ሰነድ ላይ "የማኅበረሰቡ ድርሻ" ተብሎ ይግባ። ውጭ ያለ ለጋሽ በጣም የሚያየው ይህን መስመር ነው።

*ወረዳው።* ከወረዳው ኮምፒውተር አትጠይቁ፤ ሰው ጠይቁ። የአይሲቲ ባለሙያ መደብ ወይም የተንከባካቢው አበል አንዴ በጀት ውስጥ ከገባ በየዓመቱ ይቀጥላል፤ ለጋሽ ደግሞ ደመወዝ መክፈል አይወድም። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ስለሚጀምር ጥያቄያችሁ ቢዘገይ እስከ መጋቢት ድረስ ወረዳ ትምህርት ጽሕፈት ቤት ይግባ። ሰኔ ላይ የሚጻፍ ደብዳቤ ለሚቀጥለው ዓመት ነው።

*የቀድሞ ተማሪዎችና ዳያስፖራ።* አንድ ትልቅ ስጦታ ከመፈለግ ይልቅ በየወሩ ትንሽ የሚሰጡ ሰዎችን አሰባስቡ። የመተኪያው ድርሻ በወር 10,833 ነበር፤ 30 ሰው ቢከፍለው ለአንዱ 361 ብር ነው። ቃል ብቻ አትቀበሉ፤ ባንካቸው በየወሩ በራሱ እንዲያስተላልፍ ትእዛዝ ያስገቡ። በፈቃደኝነት ላይ ብቻ የቆመ ገንዘብ የት እንደሚደርስ በዓለም ደረጃ ታይቷል። በሴኔጋሉ ፕሬዚዳንት አብዱላይ ዋድ አነሳሽነት በ2005 እ.ኤ.አ. ጄኔቫ ላይ የተቋቋመው የዲጂታል ትብብር ፈንድ፣ ሻጮች ከመንግሥት ተቋማት የአይሲቲ ውል ላይ 1% እንዲያዋጡ አስቦ ነበር። አሳቡ መልካም ነበር፤ ግን ማንንም ስላላስገደደ የተቀበሉት ጥቂቶች ሆኑና ብዙም ሳይቆይ ፈረሰ።

የሰጪው ሀገር ሕግም ይለያያል። አሜሪካ ያለ ሰው በቀጥታ ለኢትዮጵያ ትምህርት ቤት የላከውን ከግብሩ ማስቀነስ አይችልም፤ በ501(ሲ)(3) በተመዘገበ የአሜሪካ የበጎ አድራጎት ድርጅት በኩል መሆን አለበት፤ ድርጅቱም ገንዘቡ የት እንደዋለ የሚያሳይ ውልና ደረሰኝ መያዝ ይጠበቅበታል። የሚሠሩበት መሥሪያ ቤት ሠራተኛው የሰጠውን ያህል የሚጨምር እንደሆነም ይጠይቁ፤ ብዙ ትልልቅ ኩባንያዎች ያደርጉታል። እንግሊዝ ያሉ ግብር ከፋዮች በተመዘገበ የበጎ አድራጎት ድርጅት በኩል ከሰጡ በጊፍት ኤይድ ደንብ በእያንዳንዱ ፓውንድ ላይ 25 ሳንቲም ይጨመራል። እስራኤል ውስጥ የግብር ቅናሹ በገቢ ግብር ሕጉ አንቀጽ 46 ዕውቅና ላገኙ ማኅበራት ነው።

በዐረብ ሀገር ያሉ እህቶቻችንና ወንድሞቻችን ጉዳይ የተለየ ጥንቃቄ ይፈልጋል። በተባበሩት ዐረብ ኤምሬትስና በሳዑዲ ዐረቢያ ያለ ፈቃድ መዋጮ ማሰባሰብ ወንጀል ነው፤ በማኅበራዊ ሚዲያ ጥሪ ማድረግም ይጨምራል። ስለዚህ እዚያ ያለን ሰው ሰብሳቢ አታድርጉ፣ የመዋጮ ዝርዝርም በቡድን አታስለጥፉ። ማገዝ የፈለገች እህት ለቤተሰቧ እንደምትልከው ሁሉ በሕጋዊ መንገድ ለቤተሰቧ ትላክ፤ እዚህ ያለው ቤተሰቧ ለትምህርት ቤቱ ገቢ ያድርግ።

*የሁሉን አቀፍ ተደራሽነት ፈንድ።* በብዙ ሀገሮች የቴሌኮም ኩባንያዎች ከገቢያቸው የተወሰነ ድርሻ አትራፊ ላልሆኑ ገጠራማ ቦታዎች እንዲያዋጡ ሕግ ያስገድዳል። በጋና 1%፣ በኬንያ 0.5% ነው። በኢትዮጵያም የኮሙኒኬሽን ባለሥልጣንን ያቋቋመው አዋጅ ቁጥር 1148/2011 ይህን የተደራሽነት ጉዳይ ይዟል። እንዲህ ያለ ገንዘብ በተፈጥሮው ለማማና ለመስመር እንጂ ለላፕቶፕ አይወጣም። ስለዚህ የሚጠየቀው ግንኙነት ነው። በ1ኛ ደረጃ የለካችሁትን የሲግናል መዝገብ፣ የትምህርት ቤቱን የጂፒኤስ ነጥብ፣ የተማሪ ቁጥር በጾታ፣ በአቅራቢያው ያሉትን ጤና ጣቢያና ቀበሌ ጨምራችሁ በወረዳና በዞን በኩል ጻፉ። አምስት ጎረቤት ትምህርት ቤቶች በአንድ ሰነድ ቢጠይቁ አንድ ለአንድ ከመጠየቅ ይሻላል፤ ማማ የሚተከለው ለአካባቢ ነውና።

6ኛ ደረጃ፦ ግዢና ርክክብ

ከውጭ ያገለገለ ኮምፒውተር ሰብስቦ በኮንቴይነር መላክ ብዙ ጊዜ ከሚያተርፈው ያከስራል። የጭነት፣ የጉምሩክና የመጋዘን ወጪ አለ፤ ዋይፋይና የሬዲዮ መሣሪያ ደግሞ የኮሙኒኬሽን ባለሥልጣኑን የዓይነት ማረጋገጫ ይጠየቃል። ከመሣሪያው ተለይቶ የሚላክ ሊቲየም ባትሪ በመንገደኛ አውሮፕላን ጭነት አይፈቀድም። ከአሜሪካ የሚመጣ ፕሪንተር ለ120 ቮልት የተሠራ ከሆነ በእኛ ባለ 220 ቮልት መስመር ላይ ሲሰካ ያን ጊዜውኑ ይቃጠላል። ገንዘቡን በባንክ ልካችሁ አዲስ አበባ ወይም የክልል ከተማ ግዙ፤ ዋስትናና ደረሰኝ ይኖራችኋል።

ያገለገለ ላፕቶፕ ስትመርጡ ራም 8 ጊጋባይት፣ 256 ጊጋባይት ኤስኤስዲ፣ የባትሪ ጤና ከ70% በላይ ይሁን፤ 12ቱም አንድ ሞዴል ቢሆኑ ቻርጀርና መለዋወጫ ይጋራሉ። ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠው መደበኛ የደኅንነት ዕድሳት በጥቅምት 2025 እ.ኤ.አ. ስላበቃ፣ ዊንዶውስ 11 የማይቀበል አሮጌ ሞዴል ከሆነ ኡቡንቱ ጫኑበት። የአማርኛ መጻፊያውን ከርክክብ በፊት ሞክሩት።

ዕቃው ሲገባ በሞዴል 19 (በንብረት ገቢ ደረሰኝ) ንብረት ክፍል ገቢ ይደረግ፤ ገንዘብ ሲቀበሉ በሕጋዊ ደረሰኝ ይሁን። እያንዳንዱ ላፕቶፕ ላይ መለያ ቁጥር በማይለቅ ቀለም ይጻፍ። በስጦታ መጣ ተብሎ ሳይመዘገብ የቆየ ዕቃ ርእሰ መምህሩ በተዛወረ ቀን ማስረጃ የለውም።

የባንክ ሒሳቡ በትምህርት ቤቱ ስም፣ በሦስት ፈራሚ ይከፈት፤ ርእሰ መምህሩ፣ የኅብረቱ ሰብሳቢና ከቀበሌው የታመነ አንድ ሰው። የዕድር ዳኛ ወይም ገንዘብ ያዥ ካለ ለዚህ የሚመቸው እሱ ነው፤ ሒሳብ በየወሩ ማስታወቅ የለመደ ነው። የመተኪያው ገንዘብ ግን በሌላ ሒሳብ ይቀመጥ፤ ለጠመኔና ለወረቀት እንዳይነካ።

7ኛ ደረጃ፦ ማን፣ መቼ ይጠቀም

ክፍሉ ክፍት መሆኑ ብቻውን እኩልነት አያመጣም። ደንብ ካልወጣ ቀድሞ የሚገባው የከተማ ልምድ ያለው፣ ደፋሩና ሰፈሩ ቅርብ የሆነው ነው። ልጃገረዶች ከትምህርት በኋላ ውኃ ለመቅዳትና እናታቸውን ለማገዝ ስለሚሄዱ "ከ9 ሰዓት በኋላ ለሁሉም ክፍት" የሚል ደንብ እነሱን ዘግቶ ማስቀረት ነው። የእነሱ ሰዓት በትምህርት ቀኑ መካከል፣ በመርሐ ግብር ይግባ። ኪቦርድና ማውስ ላይ ቢያንስ ግማሹን ጊዜ ሴት ተማሪ እንድትይዝ መምህሩ ይቆጣጠር፤ ሁለት ለሁለት ሲቀመጡ ወንዱ ይዞ ሴቷ የምታይበት ሁኔታ በየቦታው የሚታይ ነው። ማየት ለማይችሉ ተማሪዎች ኤንቪዲኤ የተባለውን ነፃ ስክሪን አንባቢ (ጽሑፉን በድምፅ የሚያነብ ፕሮግራም) በዊንዶውስ በሚሠሩ ቢያንስ ሁለት ላፕቶፕ ላይ ጫኑ፤ ከነጆሮ ማዳመጫው።

ለተማሪ ነፃ ይሁን። ክፍያ የሚጠየቀው ከውጭ ለሚመጣ ሰው ነው፤ ለኅትመት፣ ለስካን፣ ለቅጽ መሙያና በኢንተርኔት ለሚደረግ ምዝገባ። ክፍያው በቴሌብር በትምህርት ቤቱ ስም ይግባ እንጂ በተንከባካቢው ኪስ አይዙር፤ እሱንም ከሐሜት ይጠብቀዋል። ከዚህ ከሚገኘው ገቢ የተወሰነ መቶኛ ለተንከባካቢው እንዲደርስ በቃለ ጉባኤ ወስኑ። አራት ሺህ ብር አበል ብቻ የሚያገኝ ወጣት ሙያውን እንደለመደ ወደ ከተማ ይሄዳል፤ ስለዚህም ከመጀመሪያው ሁለት ሰው አሠልጥኑ፣ አንዷ ሴት ትሁን።

8ኛ ደረጃ፦ በየወሩ አንድ ገጽ

ለለጋሾች ረጅም ሪፖርት አያስፈልግም። በየወሩ መጨረሻ ስድስት ቁጥር ጻፉ፦ የሚሠሩ ላፕቶፖች ብዛት፣ የተጠቀሙ ተማሪዎች በጾታ፣ ክፍሉ የተከፈተባቸው ቀናት፣ ያለቀው ጊጋባይት፣ ጠዋት ከመከፈቱ በፊት የባትሪው ቮልት፣ በሁለቱ ሒሳቦች ያለው ብር። አንዱን ቅጂ በማስታወቂያ ሰሌዳ ለጥፉ፣ አንዱን ፎቶ አንስታችሁ ለለጋሾች ላኩ። የጠዋቱ ቮልት ከወር ወር እየወረደ ከሄደ ባትሪው እየደከመ ወይም የማይታወቅ ሸክም ተጨምሮበት ነው፤ ገና ሳይሞት ትደርሱበታላችሁ። የሚሠሩ ላፕቶፖች ከ10 በታች ከወረዱ ኅብረቱ በ15 ቀን ውስጥ ይሰብሰብና ከመተኪያው ሒሳብ ይፍቀድ። የሞተ ባትሪ ግን ጓሮ አይጣል፤ ሊድ አሲዱ ለምድርም ለውኃም መርዝ ነው። ሻጩ አሮጌውን መልሶ እንዲወስድ ገና ሲገዛ በውሉ ላይ ይስፈር።